የአሻግሬ የመጀመሪያው ለቅሶ

ላልሞተ ሰው ለቅሶ ደርሳችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ደርሰናል። ድንኳን ተሸክመን፣ ድስት ተሸክመን፣ በባቡር ተሳፍረን፣ ከአቃቂ ሞጆ ድረስ ሄደን። ሟቹን ደግሞ ፊቱን አረፋ ተቀብቶ ጢሙን ሲላጭ አገኘነው። ሳቁ፣ ሳቁ፤ እኔም ዛሬ እስቃለሁ። ያን ቀን ግን ሳቅ የት ነበረና! ቆይ፣ ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

ጊዜው የጃንሆይ ነው። አቃቂ ማለት ያኔ ባቡር ጣቢያው፣ ፋብሪካው፣ የሠራተኛው ሰፈር፣ ከዚያ ወዲያ የጤፍ ማሳ ነው። ባሌ ታደሰ ጣቢያው ላይ ፉርጎ እየቀጠለ ይሠራል። እኔ ብዙወርቅ ደግሞ የዕድራችን ዕቃ ጠባቂ ነበርኩ። ሰው ሲሞት የሚወጣው ድንኳን፣ ድስት፣ ሳህን፣ ብርጭቆ ሁሉ በኔ እጅ ነው። አንድ ሳህን ከጎደለ ከሐዘንተኛም ጋር ቢሆን እጣላለሁ፤ ተጣልቼም አውቃለሁ። ዳኛችን ጋሽ ወልደሚካኤል ነበሩ፤ ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጡ፣ ሲናገሩ ሰው ሁሉ ጸጥ የሚልላቸው ሽማግሌ።

ጎረቤቴ ዳሲቱ ትባላለች። የዚያው የአቃቂ ገበሬ ልጅ ናት። ባሏ ከመሞቱ በፊት መሬቱን መጋዘን ለሚሠራ ሰው ሸጦ ብሩን ትቶላት ነበር፤ ከዚያ ብር በቀር ምንም የላትም። ሐሳቧ ሁለት የሚታለቡ ላሞች ገዝታ ለፋብሪካው ሠራተኛ ወተት መሸጥ ነው። ካልሆነላት ቂሊንጦ የባሏ ወንድም ዱጉማ ቤት ገብታ የሰው ፊት እያየች መኖር ነው። ይህን ደግሞ ከሞት አብልጣ ትፈራለች። «ብዙዬ፣ እዚያ ከምገባ ባቡሩ ሐዲድ ላይ ብተኛ ይሻለኛል» ትለኝ ነበር። ምን ልበላችሁ፣ እንደ ዳሲቱ ሙሾ የሚያወርድ ሰው በሀገሩ የለም። የማታውቁት ሰው ሞቶ እሷ ከጀመረች እናንተው ታለቅሳላችሁ።

አሻግሬ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ያኔ «አቶ አሻግሬ፣ እርስዎ» እያልን ነበር፤ ዛሬ አንቱ እለዋለሁ ብዬ አፌን አላደክምም። ረጅም፣ መልከ መልካም፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነው። ጣቢያው አጠገብ ቤት ተከራየና ከሁሉ አስቀድሞ ምን አደረገ መሰላችሁ? ዕድር ገባ። ከዚያ በኋላ ቀብር የሚባል አያመልጠውም። ቃሬዛ ሲነሳ ከፊት የሚይዘው እሱ፣ ካስማ የሚመታው እሱ፣ ሐዘንተኛ የሚያጽናናው እሱ። ድስቴን እንኳ አጥቦ ነው የሚመልስልኝ። እስቲ ንገሩኝ፣ ድስት አጥቦ የሚመልስ ወንድ ማን ይጠረጥራል?

አንድ እሑድ ዕድሩ ተሰብስቦ ሳለ ብድግ አለ።

«ወገኖቼ፣ እናንተ ብራችሁን ሳጥን ውስጥ አስተኝታችሁታል። እኔ ልቀሰቅሰው ነው የመጣሁት» አለ።

ከአዋሽ ጥጥ እየገዛ ለፋብሪካዎች እንደሚሸጥ ነገረን። ብር የሰጠው ሰው የጥጡ ባለድርሻ ይሆናል። መቶ ብር ያስገባ በየወሩ አሥር ብር ትርፍ ይቀበላል፤ ዋናውን ደግሞ በፈለገው ቀን ይወስዳል።

«እስቲ ጥጡን ያሳዩን!» አልኩት እኔ። ነገር አላሳድርም።

«ወይዘሮ ብዙወርቅ፣ ጥጥ እኮ በባቡር ያልፋል እንጂ አቃቂ አይወርድም» አለኝ እየሳቀ። በማግሥቱ የዕቃ ባቡር ሲያልፍ ጠርቶን፣ የተዘጉትን ፉርጎዎች በጣቱ እያሳየ «ያውላችሁ፣ የናንተው ነው!» አለን። ከዚያ ወዲያ የዕቃ ባቡር ባለፈ ቁጥር ሰፈሩ ደጅ ወጥቶ እጁን ያወዛውዛል። እውነቴን ነው! ባሌ ታደሰ ፉርጎውን በእጁ እየቀጠለ፣ እሱም ቀና ብሎ እጁን ያወዛውዝ ነበር። ውስጡ ጨው ይሁን ሲሚንቶ ማን ጠየቀ።

ለጋሽ ወልደሚካኤል ደግሞ አዲስ ካፖርት አመጣላቸው። «ዳኛችንን ብርድ እንዳይነካብን» ብሎ። ጋሽ ወልደሚካኤል ካፖርቱን ለበሱና በሚቀጥለው ስብሰባ «አቶ አሻግሬ የታመነ ሰው ነው» አሉ። እሳቸው ታመነ ካሉ ማን ይከራከራል? ሰው ተሰልፎ ሰጠ። እኔም ሰጠሁ። ዳሲቱ ያላትን በሙሉ አስገባች። «ሁለት ላም ከምገዛ ትንሽ ታግሼ ሦስት ልግዛ» አለችኝ፣ ዓይኗ እየበራ።

መጀመሪያ ላይ ትርፉ በወሩ ከች ይል ነበር። የኔን ትርፍ ከዳሲቱ ብር፣ የዳሲቱን ከሌላው ብር እየቆነጠረ እንደሚሰጠን በምን እንወቅ። ከዚያ አንድ ወር ቀረ። «አዋሽ ሞልቶ ጥጡን ይዞብኛል» አለን። ሁለተኛው ወር ቀረ። አሁንም አዋሽ ሞልቷል። በጋ ነው እኮ! በዚያ ሐሩር የሚሞላ ወንዝ የት ታየ? እኔ ማጉረምረም ጀመርኩ። ዳሲቱ ግን ሄዳ ፊት ለፊት ጠየቀችው። ላሞቹን መርጣ ጨርሳለች፤ ባለላሙ ደግሞ ከሚካኤል በላይ አልጠብቅሽም ብሏታል።

«ለሚካኤል ብርዎን እጅዎ ላይ አስቀምጣለሁ» አላት፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ሞጆ ደርሼ ልምጣ ብቻ።»

ሄደ። ሚካኤል ሁለት ቀን ሲቀረው ታደሰ ከጣቢያ እየሮጠ መጣ። ቴሌግራም ይዟል፤ ከሞጆ የተላከ፣ ለዕድሩ። ጋሽ ወልደሚካኤል መነጽራቸውን አድርገው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፦ «አቶ አሻግሬ በድንገት ዐርፈዋል። ቀብራቸው ተፈጽሟል። እንዳትደክሙ።»

ዳሲቱን ዘወር ብዬ አየኋት። ፊቷ ዐመድ መስሏል። ብሯ ከሰውዬው ጋር መቀበሩ ገብቷታል፤ ማንን ትጠይቅ? እኔ «አንተ ሰውዬ!» ብዬ ልራገም አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሙት ነውና ዋጥኩት። እሷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ «ያ ዋቃ፣ አንተ አምላክ! ብቻውን፣ በሰው ሀገር!» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ይገርማችኋል፣ ለሱ ነው ያለቀሰችው።

አሻግሬ የብራችንን ቦታ አውቆ እኛን ሳያውቀን ቀረ። ለአቃቂ ዕድር «እንዳትደክሙ» ተብሎ ይላካል? ቃሬዛ ስንት ጊዜ ተሸክሞ ይህን አላወቀም! ቀብር ካመለጠን ለቅሶ አለ። ለቅሶ ካለ ድንኳን አለ፣ ንፍሮ አለ፣ ለቤተሰቡ የሚሰጥ የዕድር ብር አለ። ጋሽ ወልደሚካኤል ካፖርታቸውን ቆልፈው «ነገ በጠዋቱ ባቡር ሁላችንም እንሄዳለን» አሉ። አንድ ሰው «ብራችንን በልቶ ለሞተው?» ብሎ ሲያንጎራጉር «ወንድማችን ነው፤ ዕድር ዕዳ አይቆጥርም!» ብለው ጮኹበት።

ባቡሩ ላይ ከቲኬት ቆራጩ ጋር የተጣላሁትን ብነግራችሁ ይመሻል። ድስቱ ዕቃ ነው ክፈይበት አለኝ። «ለቅሶ የሚሄድ ድስት ይከፈልበታል? አንተ እናት የለህም?» ብዬ ስለፈልፍበት ደክሞት ተወኝ። ድንኳኑን ወንዶቹ እግራቸው ሥር አነጠፉት። በደብረ ዘይት አድርገን ሞጆ ደረስን።

ቤቱን አናውቀውም። ጣቢያው አጠገብ ሱቅ በደጅ የምትሸጥ ሴት ጠየቅናት።

«የአቶ አሻግሬ ለቅሶ ቤት ወዴት ነው?»

«እንዴ! አሻግሬ? የእህል ነጋዴው? መቼ ሞተ?» ብላ ራሷን ያዘች። ያልሰማች መስላ ስለታየችን አዘንላት፤ አጽናናናት። ሱቋን ሸፍና እሪ እያለች ከፊታችን ቀደመች። እሪታዋን የሰማ ሁሉ ከየቤቱ እየወጣ «ማን ነው?» ይላል፤ «አሻግሬ!» ሲባል ነጠላውን አዘቅዝቆ ይከተላል። መንገዱ መሃል ስንደርስ ሞጆ ግልብጥ ብላ ወጥታለች። ሟቹ ጢሙን እየተላጨ እንደሆነ እነሱ አያውቁም፤ እኛም አናውቅም።

ዳሲቱ መሃል ገብታ ሙሾውን ጀመረች፦

«አሻግሬ ጨዋው፣ ሳትነግረን ሄድህ ወይ፣
ብሩስ ይቅርልህ፣ ሰው ይተካል ወይ።»

ሕዝቡ ደረቱን ይመታል። እሷም ቆም አለችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ሰው ይስማ! ብሬን ይቅር ብዬዋለሁ፤ ነፍሱ አትንገላታ!» አለች። እኔ ልቤ ተሰነጠቀ። ላሞቿ እኮ ናቸው! ቂሊንጦ መግባቷ እኮ ነው! አቅፌያት አብረን አለቀስን።

በሩ ጋ ደረስን። ሰፊ ግቢ ነው፣ አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት፣ ጥግ ላይ ሁለት ጥገት ላሞች ታስረዋል። ወንዶቹ ልማዳቸው ነውና ድንኳኑን መወጠር ጀመሩ። ዳሲቱ እጇን ወደ ላይ አንስታ «አሻግሬ ጨዋው፣ ሳትነግረን ሄድህ ወይ» አለችና ቀጥ ብላ ቆመች። ሁለተኛው ስንኝ ጉሮሮዋ ውስጥ ቀረ።

ከዛፉ ሥር በርጩማ ላይ አሻግሬ ተቀምጧል። አንገቱ ላይ ፎጣ፣ ግማሽ ፊቱ ተላጭቷል፣ ግማሹ አረፋ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ አማተበ።

በዚህ መሃል ሚስቱ ያለምወርቅ ጩኸቱን ሰምታ ከጓዳ ወጣች። የማታውቀው ሕዝብ ግቢዋን ሞልቶ ሲያለቅስ ስታይ እሷም እሪ አለች።

«ኧረ ማን ነው የሞተብኝ?»

ጋሽ ወልደሚካኤል ዓይናቸው እንደ ልብ አያይም። ወደ በርጩማው ሳያዩ ጠጋ ብለው እጇን ያዙ። «አይዞሽ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ባለቤትሽን ቀብራችሁታል ብለው ቴሌግራም ላኩልን።»

«ባሌን? ባሌ ይኸው አይደለም እንዴ የሚላጨው!»

ሕዝቡ ሁሉ ወደ በርጩማው ዞረ። አሻግሬ አገጭ ላይ ያለው አረፋ ይንጠባጠባል። ከዚያ እኔ ምን እንዳልኩ አትጠይቁኝ፤ ብቻ ድስቱን ከራሴ ላይ አውርጄ ነው የተናገርኩት፣ እጄ እንዲቀለኝ። ወንዶቹ የካስማ መምቻውን እንደያዙ ወደሱ መሄድ ጀመሩ። ጋሽ ወልደሚካኤል «ተዉ!» ባይሉ ኖሮ ቴሌግራሙ እውነት ይሆን ነበር።

አሻግሬ ግን ምላሱ አይሞትም። ብድግ አለና ቀጥታ ወደ ዳሲቱ ዞረ።

«ወይዘሮ ዳሲቱ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይቅር ብለውኛል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ሞጆ ሁሉ ሰምቷል። በሕዝብ ፊት የተባለ ይቅርታ ደግሞ አይመለስም።»

ኧረ የፊቱ ድርቀት! እኔ ዘልዬ ላንቀው ስል ዳሲቱ በእጇ አቆመችኝ። እንባዋ ገና አልደረቀም። ፎጣውን፣ አረፋውን፣ ላሞቹን፣ ሁሉንም አየችና ቀስ ብላ ተናገረች።

«ብያለሁ፤ አልክድም። ለሟቹ ነው ያልኩት። ይኸው ድንኳኑ፣ ይኸው ሕዝቡ፣ ይኸው እኔ። ሞተህ ከሆነ ግባና ተኛ፤ ብሬ ላንተ ይሁን፣ ሙሾውንም እጨርስልሃለሁ። በሕይወት ካለህ ግን ላሞቼን አምጣ።»

አሻግሬ ድንኳኑን አየ። ሕዝቡን አየ፤ እህል የሚገዛውና የሚሸጥለት የሞጆ ሰው ሁሉ ነጠላውን እንዳዘቀዘቀ ይጠብቀዋል። ይሄኔ ሚስቱ ወገቧን ይዛ መጣች።

«ምን ትጠብቃለህ? ተናገር እንጂ! ባል አለኝ ወይስ የለኝም?»

አንገቱን ደፋ። «አለሁ» አለ።

«አልሰማንም!» አልኩ እኔ።

«አለሁ! በሕይወት አለሁ!»

ሱቅ በደጅ የምትሸጠዋ ሴት እልል አለች። አንዷ ስትጀምር ማን ይቀራል፤ ግቢው በእልልታ ተናጋ። ያለምወርቅ ማንንም ሳትጠይቅ ሄዳ የላሞቹን ገመድ ፈታች፣ አምጥታም ዳሲቱ እጅ ላይ አደረገችው። «በስንት ሰው እንባ እንደተገዙ ባውቅ ኖሮ እጄ አያልባቸውም ነበር» አለች። ዳሲቱ ገመዱን ጨበጠችና ግንባሯን ላሟ አንገት ላይ አስደግፋ ቆየች።

ለሌሎቻችን ጋሽ ወልደሚካኤል ከሞጆ ሽማግሌዎች ጋር ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጡ። የተወጠረ ድንኳን ነው፣ ለምን ባዶውን ይቅር? ንፍሮውንም በላነው። የእህል መጋዘኑ ተሽጦ ለባለብሮቹ እንዲከፈል፣ የቀረውን አሻግሬ ከንግዱ በየወሩ እንዲከፍል ተስማሙ። ፖሊስ ይጠራ ያለም ነበር። «እስር ቤት ገብቶ ማን ይከፍለናል?» አሉ ጋሽ ወልደሚካኤል። «ከዕድራችንም አላስወጣነውም። በየወሩ በስብሰባችን ቀን በራሱ እግር አቃቂ መጥቶ በሰው ፊት ይከፍላል።»

ከዚያ ተነሱና ካፖርቱን አወለቁ። አጣጥፈው አሻግሬ ጭን ላይ አስቀመጡት። «ይህን ለብሼ ነው የመሰከርኩልህ» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ የዕድር ዳኛ ብር ከሚሰበስብ ሰው ክር እንኳ አይቀበልም። ጻፉልኝ።» ከሞጆ አቃቂ ድረስ በሸሚዝ ነው የተመለሱት። ነጠላዬን ልሰጣቸው ብል እምቢ አሉ።

ላሞቹ በማግሥቱ በዕቃ ባቡር መጡ። ታደሰ ቀድሞ ስለነገረን ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ወጥቶ ጠበቀ። ባቡሩ ሲገባ እጃችንን አወዛወዝን፤ ከፉርጎው ውስጥ ላሟ እምቧ አለች። ያን ጊዜ ነው የሳቅነው። ዳሲቱ ሐዲዱ ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። በሳምንቱ ወተቷ ፋብሪካው በር ላይ ይሸጥ ጀመር። ዱጉማ ከቂሊንጦ ሊወስዳት ቢመጣ አንድ ብርጭቆ ወተት አጠጥታ ሸኘችው።

አሻግሬም መጣ። በየወሩ ከሞጆ በባቡር እየመጣ ስብሰባው ላይ ይቆማል። ዳኛው ስሙን ሲጠሩ ሕዝቡ በአንድ አፍ «በሕይወት አለህ ወይ?» ይላል፤ እሱም «አለሁ» ብሎ ይከፍላል። መጀመሪያ ፊቱ ይቀላ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ እሱም መሳቅ ጀመረ። የኔ ብር ካለቀም በኋላ የዳሲቱ ስላላለቀ ይመጣ ነበር፤ የሷ ብር ከሁለት ላም ይበልጣላ። ደግሞ ድስት ማጠቡን አልተወም።

ከብዙ ዘመን በኋላ ሌላ ቴሌግራም መጣ። ከያለምወርቅ ነው። «አሻግሬ ዐርፏል። ኑ» ይላል።

«ደግሞ ጀመረው!» አለ ሰዉ ሁሉ። ድንኳኑን ላውጣ ወይስ አላውጣ ብዬ እኔም አመነታሁ። ዳሲቱ ግን ነጠላዋን ለብሳ ተነስታ ነበር። ከብሯ ገና ያልተከፈላት ትንሽ ነገር ቀርቶ ነበር፤ ስለ ብሩ ግን ምንም አላነሳችም።

ሞጆ ደረስን። ግቢው ያው ነው፣ ዛፉም ያው ነው። ዳሲቱ ማንንም ሳታናግር ቀጥ ብላ ወደ ቤት ገባች። ሁላችንም ደጅ ቆመን እንጠብቃለን። ትንሽ ቆይታ ወጣች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«እውነቱን ነው» አለችን።

ከዚያ እጇን ወደ ላይ አንስታ፣ ያን ቀን ጉሮሮዋ ውስጥ የቀረውን ስንኝ አወረደችው፦ «ብሩስ ይቅርልህ፣ ሰው ይተካል ወይ።» እኔም አለቀስኩ። ለዚያ ቀጣፊ፣ ከልቤ ነው ያለቀስኩት።